ድዳችን፣ ጥርሳችንና ሌዘር የሚባለው ብርሃን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ ድድ በሽታና ስለ ሕክምናው፣ በተለይም ሌዘር ስለሚባለው መሣሪያ እንድንናገር ኮሚቴው አዞናል። ርዕሱ ለእድር ስብሰባ እንግዳ እንደሚመስል እናውቃለን። እድር ድንኳን ነው፣ ወንበርና ድስት ነው፣ ለቅሶ ነው፤ ስለ ጥርስ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ከሣጥናችን ብድር ሊጠይቁ ከመጡት አባላት መካከል አንዳንዶቹ ገንዘቡን የፈለጉት ለጥርስ ሕክምና ነበር። «ድዴ ይደማል፤ ጥርሴ ተነቃንቋል፤ አዲስ አበባ ሄጄ በሌዘር ልታከም» ነው ያሉት። ታዲያ ኮሚቴው ይስጥ ወይስ ይከልክል? ገንዘቡ የሁላችንም ነው። ጥርሱ ደግሞ የሰውየው ነው። ሁለቱም እንዳይጎዱ ነገሩን ማጣራት ያስፈልግ ነበር።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የተማርነው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነው፤ ዕድሜያችንም ያለቀው በመዝገብ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ወረቀት እያገላበጡ ነገር ማጣራት የለመድነው ሥራ ስለሆነ፣ የጥርስ ሐኪሞችን ጠይቀን፣ ልጆቻችንም ከኢንተርኔት እያወጡ ያነበቡልንን ጽፈን፣ እንግዳ እንግዳውን ቃል ትተን ፍሬውን ይዘን ቀርበናል።

አስቀድመን ጭብጡን እንንገራችሁ፤ ስብሰባው ሳያልቅ ለቅሶ የሚደርስ ቢኖር ይዞት እንዲሄድ ነው። ሌዘር ለድድ ሕክምና ጭማሪ ነው እንጂ ዋናው ሕክምና አይደለም። ዋናው ሕክምና ጥርስን ከድዱ ሥር ድረስ በደንብ ማሳጠብ፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ ቤት ውስጥ ማጽዳት ነው። ዋናው ሳይሠራ ጭማሪው ብቻውን አያድንም። ዋናው በደንብ ከተሠራ ደግሞ ጭማሪው የሚጨምረው ጥቂት ነው። አሁን ምክንያቱን ወደ መዘርዘሩ እንለፍ።

ለመሆኑ የድድ በሽታ ምንድን ነው? በልተን ጠጥተን ስናበቃ በጥርሳችንና በድዳችን መጋጠሚያ ላይ የሚያሙለጨልጭ ስስ ቆሻሻ ይለጠፋል። ይህ ቆሻሻ የምግብ ትርፍ ብቻ አይደለም፤ ለቁጥር የሚያታክቱ ጀርሞች ተደራርበው የሚኖሩበት ልባስ ነው። በየቀኑ ካልተጠረገ ከምራቃችን ውስጥ ያለው ማዕድን እየገባበት ይጠጥራል። ብዙ ጊዜ ውሃ በተፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ የምታውቁት ነው፤ ጥርስ ላይ የሚጋገረውም እንደዚያው ያለ ነው። አንዴ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ቡሩሽም መፋቂያም አያነሣውም። ድዱም ከዚህ ቆሻሻ ጋር ሲታገል ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። የመጀመሪያው ደረጃ ይህ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ይህ በወሬ የሚነገር ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሐራልድ ለ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ ያደረጉት ጥናት አለ። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። እንደገና ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ውስጥ ዳነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያመጣውም መተው ነው፣ ያዳነውም ማጽዳት ነው። በመካከሉ መድኃኒትም ሌዘርም አልገባበትም።

ሁለተኛው ደረጃ ግን ሌላ ነው። ቆሻሻው ከድዱ በታች ሲወርድ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ሐኪሞች ይህን ክፍተት ኪስ ይሉታል። ጤነኛ ሰው ላይ ጥልቀቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲሆን ግን ቡሩሽ የማይደርስበት የጀርም ጎተራ ሆነ ማለት ነው። ቀስ በቀስም ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንት ይበላል። እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን፤ ገደል አፋፍ ላይ የበቀለ የቡና እግር አፈሩ በጎርፍ ሲሸረሸርበት ሥሩ ተገልጦ ነፋስ ሲያወዛውዘው አይተናል። እግሩ ራሱ አልታመመም፤ የያዘው አፈር ነው የሄደው። የተነቃነቀ ጥርስም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው «ጥርሴ አንድም ቀዳዳ የለው፣ ለምን ወለቀ?» ብሎ የሚገረመው ለዚህ ነው። የክፋቱ ክፋት ደግሞ ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ አያምም። ሕመሙ ሲመጣ አጥንቱ ሄዷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል ነገሩ።

የበሽታው ስፋት እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በከባድ የድድ በሽታ የተያዘው ሰው ቁጥር በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆን ገልጿል። ለእኛ ለቡና ወረዳ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ቀረብ የሚል ጥናት አለ፤ በስሪላንካ የሻይ ተክል ሠራተኞች ላይ የተደረገው ነው። እኒሁ ሐኪም ለ ከሌሎች ጋር ሆነው፣ ጥርስ የማጽዳት ልማድና የጥርስ ሕክምና የሌላቸውን 480 የሻይ ለቃሚዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ1986 አሳተሙ። ከመቶ 8ቱ ሠራተኞች ላይ በሽታው በፍጥነት ገሠገሠ፤ ከመቶ 81ዱ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት ሄደ፤ ከመቶ 11ዱ ላይ ደግሞ ከድድ መቅላት አላለፈም። ሁሉም ጥርሱን አያጸዳም ነበር፤ ጉዳቱ ግን እኩል አልሆነም። ስለዚህ «አባቴ ጥርሱን ሳይፍቅ ሰማንያ ዓመት ቆሎ ቆረጠመ» የሚለን ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። አባቱ ከ11ዱ አንዱ ነበሩ። ልጁ ግን ከ8ቱ ይሁን ከ11ዱ ማን ዋስ ይሆነዋል?

«ቡና ይሆን ወይ ያመጣብን?» ብለው የጠየቁን አሉ። ቡና ጥርስን ያጠቁራል እንጂ የድድ በሽታ አያመጣም፤ አጋሮም ሊሙም ይህን ሰምታችሁ በሰላም ጠጡ። ሲጋራ ግን ዋና ጠላት ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ የሚደማው አነስ ስለሚል ጤነኛ ይመስለዋል፤ ከውስጥ ግን አጥንቱ ይበላል፤ ሲታከምም እንደ ሌላው ቶሎ አያገግምም። የስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። ስኳሩ ካልተስተካከለ ድዱ ይብሳል፤ የድዱ ቁስለትም በፊናው ስኳሩን ያስቸግራል። ድዳቸውን የታከሙ የስኳር ሕመምተኞች የስኳር መጠናቸው በመጠኑ ዝቅ እንደሚል ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አሳይቷል። ነፍሰ ጡር እናቶችም በእርግዝናቸው ጊዜ ድዳቸው ቶሎ ይቆጣልና ማጽዳቱን እንዳያቆሙ ይመከራሉ። የጫትን ነገር ካነሣን፣ በዚህ በእኛ አገር ሳይነሣ አያልፍምና፣ ቅጠሉን በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት አጭቆ መያዝ ድዱን ይጫነዋል፤ አፍን ያደርቃል፤ ከእሱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ የሚጨሰውም ሲጋራ ተጨምሮ ጉዳቱን ያበዛዋል።

እንግዲህ ወደ ሕክምናው እንምጣ። ከድሮ ጀምሮ ሕዝባችን ለድድ መድማት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እናቶቻችን ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሰው ድዱን በመርፌ እየወጉ ያጠቁሩት ነበር። ለውበት ነው፤ ነገር ግን «ለድድ መድማትም መድኃኒት ነው» ይባል ነበር። ንቅሳቱ ቆሻሻውን አያነሣም፤ ይልቁንም አንዱ መርፌ ለብዙ ሰው ሲውል የጉበት በሽታንና ኤች.አይ.ቪን ከሰው ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ቅርንፉድም ሕመሙን ያደነዝዛል፤ የተጋገረውን ድንጋይ ግን አይፈቱትም። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ መጥቷል። ድንጋዩ ተቀምጦ ክኒኑ ቢዋጥ ጀርሙ ለጥቂት ቀን ተሸሽጎ ይመለሳል፤ ከዚህም በላይ መድኃኒቱን ለመልመድ ይማራል። የመጨረሻው መንገድ መንቀል ነው። «ተነቀለ፣ ተገላገልኩ» ይባላል፤ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ግን ያው በሽታ አለበት።

ትክክለኛው መንገድ ድዱ ሳይቀደድ የሚደረገው ሕክምና ነው። እኛ በተለምዶ ጥርስ ማሳጠብ የምንለው ነው፤ ነገር ግን ላይ ላዩን የሚታጠበውና ከድዱ በታች ድረስ የሚታጠበው አንድ አይደሉም። ሐኪሙ በመጀመሪያ ጫፉ ላይ ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ቀጭን ዘንግ ይዞ የእያንዳንዱን ጥርስ ኪስ ዙሪያውን ይለካል፣ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ መዝገብ የሌለው ሕክምና ደረሰኝ እንደሌለው ክፍያ ነው። ከዚያም ካስፈለገ ማደንዘዣ ወግቶ፣ ጫፉ በተቆለመመ ቀጭን ብረት ወይም በፍጥነት በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ እየታገዘ ድንጋዩን ከሥሩ ላይ ፍቆ ያወጣል። አፉ በሙሉ በአንድ ቀን ሊሠራ ይችላል፤ በሁለት ወይም በአራት ቀጠሮ ተከፋፍሎም ይሠራል። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ኪሱ እንደገና ይለካል። ከ4 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይደማ ከሆነ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ በሽታው ክብደት በየ3 ወይም በየ6 ወሩ መታየት ነው። በዚህ ሁሉ ተደርጎ ጥልቅ ኪስ ከቀረ ነው ድዱን ከፍቶ ማጽዳት የሚታሰበው።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል» የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ እንዝጋው። ድንጋዩ እንደ ድጋፍ ሆኖ ይዞት የቆየ ጥርስ ድንጋዩ ሲነሣ መነቃነቁ ይታወቃል፤ ያነቃነቀው ግን እጥበቱ አይደለም፣ አጥንቱን ቀድሞ የበላው በሽታ ነው። ከእጥበቱ በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ሳምንት ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ ያበጠው ድድ ሲፈወስ ስለሚሸሽ ጥርሱም ረዘም ብሎ ይታያል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው «ጎዱኝ» ብሎ ሕክምናውን መሐል ላይ ያቋርጣል።

አሁን ሌዘር ጋ ደረስን። ሌዘር ብርሃን ነው። የአምፖል ብርሃን ብዙ ቀለም ተቀላቅሎበት በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ሌዘር ግን ባለ አንድ ቀለም ሆኖ፣ ተሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ብርሃን ነው። ሐሳቡን አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ጻፉት፤ መሣሪያውን ግን አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን በ1960 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ሩቢ ከሚባል ዕንቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አበሩት። የተሰበሰበው ብርሃን ሥጋ ላይ ሲያርፍ ሙቀት ይሆናል፤ ይቆርጣል፣ ደም ያቆማል፣ ጀርም ይገድላል። በዚህም ምክንያት ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ከመጠን በላይ ያደገን ድድ ብዙ ደም ሳይፈስ ለመቁረጥ ያገለግላል፤ የጠቆረውን የድድ ንቅሳት ለማንሣትም በሌዘር የሚሠሩ አሉ። በዚህ አንከራከርም።

የድድ በሽታን በተመለከተ ግን ሌዘር ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ዳዮድ የሚባለው ትንሽና ከሌሎቹ ረከስ ያለ ስለሆነ በየክሊኒኩ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ብርሃኑ ደምና ጥቁር ቀለም ባለበት ሥጋ ውስጥ ይሠርጋል፤ በጥርስ ሥር ላይ የተጋገረውን ድንጋይ ግን ፍቆ አያነሣም። ስለዚህ በዳዮድ የሚታከም ሰው በብረቱም መታጠብ አለበት፤ ያለዚያ ድንጋዩ እዚያው ነው። ኤርቢየም የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ውሃን ስለሚያፈነዳ ድንጋይ ማንሣት ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ኪሱ ውስጥ ቀለም ጨምሮ ደካማ ሌዘር በማብራት ቀለሙ ጀርሙን እንዲገድል ማድረግ ነው።

ታዲያ እነዚህ በእጥበቱ ላይ ሲጨመሩ ምን ያህል ረዱ? ይህ ነው የብድሩ ጥያቄ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የድድ በሽታ እጥበቱን የመጀመሪያ ሕክምና አድርጎ አስቀመጠ። ቀለም የሚጨመርበትን የዳዮድ ዘዴ በደካማው ደገፈው፤ ሌሎቹ ሌዘሮች እንዲጨመሩ ግን አልመከረም። የአሜሪካ የድድ ሕክምና አካዳሚ በ2018 የጠራቸው ባለሙያዎች ማስረጃውን መርምረው፣ ሌዘር በእጥበት ላይ ሲጨመር የሚገኘው ትርፍ በአማካይ ከ1 ሚሊ ሜትር በታችና መጠነኛ ነው አሉ። የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ደግሞ በ2020 ባሳተመው መመሪያ ሌዘር በእጥበት ላይ እንዳይጨመር፣ ባለ ቀለሙም ዘዴ እንዳይጨመር ሐሳብ ሰጠ። እንግዲህ ሊቃውንቱ በባለ ቀለሙ ጉዳይ ፍጹም አንድ አይደሉም። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ እጥበቱን የሚተካ አላገኙም።

ከጥቅሙ ሌላ ጥንቃቄውም አለ። ሌዘር ሙቀት ስለሆነ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ከያዘው ድዱንም፣ የጥርሱን ሥርም፣ አጥንቱንም ሊያቃጥል ይችላል። ለእኛ ደግሞ የሚለይ ነገር አለ። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ የተነቀሱም አሉን። የዳዮድ ብርሃን በጥቁር ቀለም አብዝቶ ስለሚዋጥ ሙቀቱ በእኛ ድድ ላይ ቶሎ ይበረታል። ስለዚህ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ በጥንቃቄ መሥራት ያሻል። በሥራው ጊዜም ሐኪሙም፣ ረዳቱም፣ ታካሚውም ለዚያ ሌዘር የተሠራ መነጽር ማድረግ አለባቸው። መነጽር የማይሰጥ ቤት ከሆነ ተነሥታችሁ ውጡ።

ከአባሎቻችን የአንዷን ነገር በፈቃዳቸው እንንገራችሁ፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። እኒህ እናት ጥርሳቸው ይነቃነቅ ነበር። በአንድ ትልቅ ከተማ ያለ፣ እኛም ስሙን የማንጠራው ክሊኒክ «በሌዘር በአንድ ቀን እንጨርስልዎታለን» አላቸው። የጠየቃቸው ገንዘብ የአንድ ዓመት የቡና ሽያጫቸውን የሚያህል ነበር። «ኪሱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው ተባሉ?» ብለን ብንጠይቃቸው «ማንም አልለካኝ» አሉን። ሳይለካ የተቆረጠ ዋጋ! እዚሁ ጅማ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደው ተለኩ፤ በአራት ቀጠሮ ከድድ በታች ታጠቡ፤ የስኳር ምርመራም ታዘዘላቸውና ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው ያኔ ነው። ሁለት ጥርሶች አጥንታቸው ስላለቀ ሊተርፉ አልቻሉም፤ ተነቀሉ። የቀሩት ግን ጠብቀው ተቀምጠዋል፤ ድዳቸውም መድማቱን ትቷል። ሌዘር ቢታከልበት ሁለቱ ጥርሶች ይተርፉ ነበር ወይ ብለን ሐኪሙን ጠየቅን። «የሄደ አጥንት በጨረር አይመለስም፤ ከአምስት ዓመት በፊት ቢመጡ ግን በእጥበት ይተርፉ ነበር» አሉን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ነው።

ሕክምናው ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በጣሊያን ጊዜ በ1930 ዓ.ም. የተሠራውና ሽማግሌዎቻችን ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ሲሉት የኖሩት የጅማ ሆስፒታል፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ዩኒቨርሲቲው የጥርስ ሐኪሞችን እዚሁ ያሠለጥናል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ፣ ከየቡ የምትመጡ ዘመዶቻችን ለገበያ ወደ ጅማ ስትወጡ በዚያው ድዳችሁን ማስለካት ትችላላችሁ።

ሌዘር የሚያቀርብላችሁ ክሊኒክ ቢገጥማችሁ ግን አትደንግጡ፣ አትሳደቡም። አምስት ጥያቄ ጠይቁ፤ አንደኛ፣ ኪሴ ተለክቶ ተመዝግቧል ወይ? ሁለተኛ፣ ከሌዘሩ ጋር ድንጋዩ በብረት ይታጠባል ወይ? ሦስተኛ፣ ሌዘሩ ምን ዓይነት ነው፣ በእሱስ የሠለጠነ ማነው? አራተኛ፣ ሌዘሩ ባይኖር ዋጋው ስንት ይሆናል? አምስተኛ፣ ከሦስት ወር በኋላ ማን ይለካኛል? ደኅና ሐኪም እነዚህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

የቀረው ሥራ የቤታችን ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ማታ ከመተኛት በፊት፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙናና በለስላሳ ቡሩሽ ማጽዳት ነው፤ ቡሩሹን ወደ ድዱ ዘንበል አድርጎ ቀስ ብሎ ማሸት እንጂ እንደ ምጣድ መፈግፈግ አይደለም። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን በክር ወይም ለዚያ በተሠራ ቀጭን ቡሩሽ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በሽታው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ቡሩሽ የሌለው መፋቂያ አለው። ወይራው፣ ልምጩ፣ ክትክታው በደጃችን ነው፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ከሶላት በፊት ሲዋክ መፋቅ የቆየ ልማዳቸው ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም መፋቂያ በሚለመድበት አገር እንዲሠራበት አበረታቷል። ብቻ ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ቡሩሽ ይለስልስ፤ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የውስጡንና የመንጋጋውንም ይድረስ። ማኅበራዊ ልማዳችን የፊት ጥርስን ለሰው፣ የመንጋጋውን ለበሽታ የመተው ዓይነት ሆኗልና።

አንድ አስቸኳይ ነገርም አንርሳ። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ ለነገ አይባልም። በተለይ ሕፃን ልጅ ከኩፍኝ ወይም ከምግብ እጥረት በኋላ ድዱ ቆስሎ መጥፎ ሽታ ካመጣ ወይም ጉንጩ መጥቆር ከጀመረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ኖማ የሚባለው ፊት የሚበላ በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው። የዓለም የጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በጊዜው ከተደረሰበት በጸረ ጀርም መድኃኒትና በምግብ ይድናል።

በመጨረሻም ለጠቅላላ ስብሰባው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለድድ ሕክምና ብድር የሚጠይቅ አባል ኪሱ የተለካበትን ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ለእጥበቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይጓተት ይሰጠው። ለሌዘር ጭማሪ ግን እጥበቱ ተደርጎ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተለክቶ፣ ሐኪሙ ምክንያቱን በጽሑፍ ካላስረዳ በቀር ከሣጥኑ አይውጣ። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው በዓመት አንድ ቀን የጥርስ ባለሙያ ጋብዞ በድንኳናችን ውስጥ አባላት ድዳቸውን እንዲታዩ ያድርግ፤ ድንኳኑ እንደሆነ ለለቅሶ ብቻ አልተሰፋም። ሦስተኛ፣ ስኳር ያለባቸውና ሲጋራ የሚያጨሱ አባላት ከሁሉ ቀድመው ይታዩ።

እድራችን የቆመው ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እንዳይዋረድ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ሰው በቁሙ ቆሎ መቆርጠም፣ ሥጋ ማኘክ፣ በልጆቹ ሠርግ ላይ አፉን ሳይሸፍን መሳቅ ሲያቅተው ዝም ብሎ ማየትም ለእድር ክብር አይሆንም። ውሳኔው የእናንተ ነው።